እጅ ሳይነካ የሚሰጥ ሕክምና፦ ኦኩፔሽናል ቴራፒ በስልክ ስክሪን

ስትሮክ የመታው ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው "መቼ ይራመዳል?" ብሎ ነው። ቤት ከገባ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ሸሚዙን እንዴት ይቆልፋል? በአንድ እጁ እንዴት እንጀራ ቆርሶ ይጎርሳል? ገላውን ሲታጠብ ቢወድቅስ?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚፈልግ ባለሙያ አለ፤ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ይባላል። ፊዚዮቴራፒስቱ በአብዛኛው ጡንቻው እንዲጠነክር፣ እግሩ እንዲራመድ ይሠራል። ኦኩፔሽናል ቴራፒስቱ ደግሞ ያ እጅ ማንኪያ እንዲይዝ፣ ዚፕ እንዲስብ፣ የልጅ ልጅ እንዲያቅፍ ይሠራል። ልጆችም ይታከማሉ። እርሳስ መጨበጥ ያቃተው፣ ድምፅ ሲበዛበት የሚረበሽ፣ ካልሲ ሲያደርጉለት የሚያለቅስ ልጅ ወደዚህ ባለሙያ ይላካል። አሜሪካ ያሉ ብዙ ወላጆች ሙያውን የሚያውቁት ከልጃቸው ትምህርት ቤት "ኦቲ (ኦኩፔሽናል ቴራፒ) ያስፈልገዋል" የሚል ወረቀት ሲመጣላቸው ነው።

ሙያው የትናንት አይደለም። የአሜሪካው ማኅበር የተመሠረተው በ1917 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ክሊፍተን ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ1952 ተቋቋመ። እኛ አገር ግን ገና ለጋ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ማስተማር ጀምሯል።

በዚህ ሁሉ ዘመን ሥራው የእጅ ሥራ ነበር። ቴራፒስቷ የታካሚዋን ክንድ ይዛ ትዘረጋለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ትከፍታለች። ከአልጋ ወደ ወንበር ስትሸጋገር ወገቧን ደግፋ ትይዛለች። ታዲያ ይህ ሥራ በስልክ ስክሪን ሲሰጥ ምን ይሆናል? ባለሙያዎቹስ ምን አዩ?

በአንድ ወር ውስጥ የተገለበጠው

ሐሳቡ ከኮቪድ በፊትም ነበረ። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሙያው በርቀት ሊሰጥ እንደሚችል የሚደግፍ የአቋም መግለጫ ያወጣው በ2014 ነው። እንደ አውስትራሊያና ካናዳ ባሉ አንዱ ከተማ ከሌላው እጅግ በሚርቅባቸው አገሮች አንዳንድ ባለሙያዎች ቀድመው ይሞክሩት ነበር። አብዛኛው ቴራፒስት ግን "ይህ ለእኛ ሥራ አይሆንም" ባይ ነበር። አልፈርድባቸውም። ሐኪም በቪዲዮ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። የአእምሮ ጤና ባለሙያም በቪዲዮ ሊያወያይ ይችላል። የሰው ትከሻ ግን በቪዲዮ አይዳሰስም።

በማርች 2020 ክሊኒኮች ተዘጉ፣ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ቴራፒስቶቹ ሳይዘጋጁ ከላፕቶፕ ፊት ተቀመጡ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የገንዘቡ ጉዳይ ነበር። ለአረጋውያን የሚከፍለው ሜዲኬር ከዚያ በፊት ለኦኩፔሽናል ቴራፒስት የቪዲዮ ሕክምና አይከፍልም ነበር። መንግሥት ይህን የፈታው በኤፕሪል 30 ቀን 2020 ነው። የታካሚን ምስጢር የሚጠብቀው ሕግም ለጊዜው ላላ፤ ቴራፒስቶች እንደ ፌስታይም እና ስካይፕ ባሉ ሁሉም ሰው በሚያውቃቸው መተግበሪያዎች እንዲሠሩ ተፈቀደ። ይህኛው ፈቃድ በ2023 አብቅቷል። የሜዲኬሩን ክፍያ ግን ኮንግረሱ በአጭር በአጭሩ እያራዘመ ቆየ። በኦክቶበር 2025 በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ የመንግሥት ሥራ ሲዘጋ አንዴ ተቋርጦም ነበር። ለአንድ ዓመት የታሰበ ሕክምና መሀል ላይ ሊቆም ይችላል ብሎ መሥራት ለባለሙያውም ለታካሚውም ይከብዳል።

ከካሜራው በዚያ ወገን ያለው ቤት

አሁን አንድ ክፍለ ጊዜ ቀረብ ብለን እንመልከት። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አፓርታማ የሚኖሩ አንዲት እናት እናስብ። ስትሮክ ግራ እጃቸውን አድክሞታል። ስልኩን የያዘችው ልጃቸው ናት። ቴራፒስቷ ከራሷ ቤት ሆና ታያለች፤ አስተርጓሚም በመስመር ላይ አለ።

ክሊኒክ ቢሆን ምናልባት የፕላስቲክ ቆቦችን አንዱን በአንዱ ላይ እየደረደሩ እጃቸውን ያሠሩ ነበር። ጥሩ ልምምድ ነው፤ ግን የማንም ኑሮ ውስጥ የሌለ ነገር ነው። አሁን ቴራፒስቷ "በቤትዎ ውስጥ ምን ማድረግ ቀረብኝ ይላሉ?" ብላ ትጠይቃለች። ይህ ዝም ብሎ ወግ አይደለም። ሙያው የሚጠቀምበት መለኪያ አለ። ታካሚው ራሱ የቸገረውን ሥራ ይመርጣል፤ ምን ያህል እንደሚችለውና ምን ያህል እንደረካበት ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። መለኪያው የተሠራው ካናዳ ነው። የሚካሄደው በቃለ መጠይቅ ስለሆነ በቪዲዮ ምንም አይጎድለውም።

እናትየው "ቡና ማፍላት" ይላሉ።

ልጅቷ ስልኩን ይዛ ወደ ረከቦቱ ትሄዳለች። ቴራፒስቷ ክሊኒክ ሆና ልታየው የማትችለውን ታያለች። በርጩማው ዝቅተኛ ነው፤ እግሩ የደከመ ሰው ከዚያ ላይ ብድግ ማለት አይችልም። ምንጣፉ ጠርዙ ተነስቷል፤ ያደናቅፋል። ሲኒዎቹ ሁሉ በደህናው እጅ በኩል ተደርድረዋል፤ ቤተሰቡ ለማገዝ ብሎ ያደረገው ነው። እንዲህ ሲሆን ግን የደከመው እጅ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

ለውጡ ትንሽ ትንሽ ነው። ምንጣፉ ይጠቀለላል። መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ይመጣል፤ ረከቦቱም በቁመቱ ልክ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ጀበናው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግማሽ ድረስ ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ይደረግበታል፤ እሳት የለም። በደህናው እጅ እየቀዱ በግራው ሲኒውን ይዞ ማጽናት፣ ያ ሲቀል ሲኒውን ማንሳት፣ ያ ሲቀል ስኳር ማማሰል ይለማመዳሉ። ሙቅ ቡና የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ እሱም ሰው አጠገባቸው ሲኖር።

ብዙ ቴራፒስቶች ደጋግመው የሚሉት ይህንኑ ነው። የሰውየውን እውነተኛ ቤት ማየት ትልቅ ነገር ሆኖባቸዋል። ታካሚው ክሊኒክ ውስጥ "ባኞ ቤቱ ደህና ነው" ይላል። ካሜራው ሲገባ የሚታየው መያዣ የሌለው ግድግዳና የሚያንሸራትት ወለል ነው።

እጅ የማያየው፣ ዓይን የማይዳስሰው

የጠፋው ነገርም ቀላል አይደለም። ከስትሮክ በኋላ ክንድ ይገትራል። ግትርነቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚታወቀው ክንዱን ይዞ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ፈጠን አድርጎ በመዘርጋት ነው። እጅ ያበጠ እንደሆነ በዓይን ይታይ ይሆናል፤ እብጠቱ ልል ይሁን ድርቅ ያለ ግን ሳይጫኑት አይታወቅም። የመጨበጥ ኃይል የሚለካው በመሣሪያ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ጣት እንዳይኮማተር የሚደግፈው ስፕሊንት በሙቅ ውኃ የሚለሰልስ ፕላስቲክ ሆኖ በታካሚው እጅ ላይ ይቀረጻል። ይህ በምንም ዓይነት ቪዲዮ አይሠራም።

ከሁሉ በላይ ባለሙያዎቹን የሚያስጨንቃቸው መውደቅ ነው። ክሊኒክ ውስጥ ታካሚ ሲንገዳገድ ቴራፒስቷ ትይዘዋለች። በስክሪን ስታይ ምን ታደርጋለች? መጮህ ብቻ ነው የምትችለው። ስለዚህ ብዙዎቹ ብቻውን ላለ ታካሚ የመቆም ልምምድ አይሰጡም። ሌላ ሰው አጠገቡ ከሌለ ተቀምጦ የሚሠራውን ብቻ ያሠራሉ። ይህ ጥንቃቄ ልክ ነው እላለሁ፤ ዋጋ ግን አለው። ብቻውን የሚኖረው ሰው፣ ማለትም እርዳታው ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ሰው፣ የሚያገኘው ልምምድ ያንሳል።

ታዲያ ቴራፒስቷ ምን አደረገች? የእጇን ሥራ ለቤተሰብ እጅ ሰጠች። የርቀት ሕክምናው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ልጅቷን እንዲህ ትላታለች፦ "ክርናቸውን ከታች ደግፊ። በሌላ እጅሽ አንጓቸውን ያዢ። አሁን ቀስ ብለሽ ዘርጊ። የት ጋ ሲደርስ ነው እንቢ የሚለው? ያማቸዋል ወይስ ይወጥራቸዋል?" ቀድሞ በአንድ ንክኪ ታውቀው የነበረውን አሁን በጥያቄ ታወጣዋለች። በዚያው መንገድ ቤተሰቡም ይማራል። ለምሳሌ ስትሮክ የመታውን ሰው በደከመው በኩል ብብቱን ወይም ክንዱን ስቦ ማንሳት ትከሻውን ይጎዳል። እኛ ዘንድ የታመመን ሰው ለመደገፍ ቀድመን የምንይዘው እዚያው ነው። በጀርባና በወገብ በኩል መደገፍ እንደሚሻል ያን ቀን የተማረ ልጅ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ስለ ውጤቱም ጥናት አለ። ከኮቪድ በፊት በ2019 የታተመ አንድ ሙከራ በአሜሪካ 11 ቦታዎች 124 የስትሮክ ታካሚዎችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ክሊኒክ እየሄዱ፣ ግማሾቹ ቤታቸው ሆነው የክንድ ልምምድ አደረጉ። ሁለቱም ወገን እያንዳንዱ 70 ደቂቃ የሆነ 36 ክፍለ ጊዜ ወሰደ፤ ግማሹ በባለሙያ ክትትል፣ ግማሹ ብቻቸውን። የክንዳቸው መሻሻል ተቀራራቢ ሆነ። ደስ የሚል ውጤት ነው። ይሁንና ለቤቶቹ ኮምፒውተርና በጨዋታ መልክ የሚያለማምዱ መሣሪያዎች ተሰጥተው ነበር። በተሰነጠቀ ስልክና በሚቆራረጥ ኔትወርክ የሚደረገውን ሕክምና "ጥናቱ ሠርቷል ብሏል" ብሎ ማስተዋወቅ ግን ሰውን ማሳሳት ነው።

ልጁ ከካሜራው ሲሸሽ

የሕፃናቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከልደት እስከ 3 ዓመት ላሉ፣ እድገታቸው ለዘገየ ልጆች ሕጉ አገልግሎቱ በተቻለ መጠን ልጁ በሚኖርበትና በሚውልበት ቦታ ይሰጥ ይላል። ስለዚህ ቴራፒስቶች ከድሮም ቤት ለቤት ይሄዱ ነበር፤ አሻንጉሊት የሞላ ቦርሳ ይዘው። ልጁ በቦርሳው ይጫወታል፤ ቴራፒስቷ ስትሄድ ቦርሳውም ይሄዳል። እናትየው ዕቃ እያጠበች ከሩቅ ታያለች።

በቪዲዮ ጊዜ መጀመሪያ የተሞከረው ልጁን ስክሪን ፊት ማስቀመጥ ነበር። የሁለት ዓመት ልጅ ይህን እንደማይቀበል ማንም ወላጅ ያውቃል። ይሮጣል፤ ወይ ስልኩን ይነጥቃል፤ ወይ ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ ይዘጋዋል። ቴራፒስቶቹም ልጁን ትተው እናትየውን ማነጋገር ጀመሩ። እናትየው የጆሮ ማዳመጫ ታደርጋለች፤ ስልኩ ጥግ ላይ ይቆማል። ቴራፒስቷ የምሳውን ሰዓት ትመለከታለች። "ማንኪያውን ከፊት ለፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ሆነሽ አስይዢው። እጁን ከላይ ይዘሽ አታጉርሺው፤ ክርኑን ብቻ ደግፊ። አሁን ጠብቂ... ጠብቂ..." ልጁ ራሱ ይጎርሳል። እናትየው ያን ያደረገችው በራሷ ማንኪያ፣ በራሷ ወንበር ነው። ነገም ትደግመዋለች።

ቦርሳው ሲቀር የቤቱ ዕቃ ወደ ሥራ ገባ። ለጣት ጉልበት ሊጥ ማሸት፣ የልብስ መቆንጠጫ መክፈትና መዝጋት፣ ሽምብራ አንድ በአንድ ለቅሞ ጠርሙስ ውስጥ መክተት (ሽምብራ አፉ ውስጥ ለሚከት ትንሽ ልጅ ግን አይሆንም፤ ያንቃል)። አንዳንድ ቴራፒስቶች ሥራው ከመጀመሪያውም እንዲህ መሆን ነበረበት እስከ ማለት ደርሰዋል።

ተማሪ ልጆች ላይ ችግሩ የካሜራው ቦታ ነው። ካሜራው ፊቱን ካሳየ የእርሳስ አያያዙ አይታይም። እጁን ካሳየ አቀማመጡ አይታይም። ሁለተኛ ስልክ ያለው ቤት ይገላገላል። የሌለው ደግሞ ግማሹን ሰዓት ካሜራ ሲያዞር ይውላል።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። "ወላጅ ይሳተፍ" ማለት ቀላል ነው። የሌሊት ፈረቃ ሠርታ የገባች እናት በማለዳ ስልክ ይዛ የቴራፒስት እጅ ስትሆን፣ ድካሙን ማንም አይመዘግብላትም። ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ለቴራፒስቷ ነው። ብዙ ባለሙያዎችም ይህን አይተዋል። አንዳንዷ እናት እያለቀሰች "ዛሬ አልችልም" ስትል ልምምዱን ትተው ሰዓቱን ሙሉ እሷን ያዳምጣሉ። ይህም ሕክምና ነው።

ማን ነው ከካሜራው ውጭ ያለው?

የኦኩፔሽናል ቴራፒስት ጥያቄ የግል ነው። ሽንት ቤት እንዴት ይጠቀማሉ? የውስጥ ልብስዎን ራስዎ ያወልቃሉ? እናት በወንድ ልጇ ፊት ይህን አትመልስም። "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብላ ታልፈዋለች። ክሊኒክ ውስጥ ቴራፒስቷ በሩን ትዘጋለች። በቪዲዮ ግን ክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለ አታይም፤ ስልኩን የያዘውም ያው ልጁ ነው። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች መጀመሪያ "አሁን አጠገብዎ ማን አለ?" ይላሉ፤ ከዚያ ለብቻቸው የሚነጋገሩበት ጥቂት ደቂቃ ይጠይቃሉ።

ቋንቋው ሌላ ሸክም ነው። በሦስት ሰው መካከል የሚደረግ ንግግር በቪዲዮ ይጎተታል። ቴራፒስቷ "አቁም!" ስትል በትርጉም እስኪደርስ ሰውየው ተነስቶም ተንገዳግዶም ይሆናል። ቀድሞ በምልክት መስማማት ይረዳል፤ መዳፍ ከተዘረጋ ማቆም ማለት ነው፣ በቃ። ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ግን ትክክል አይደለም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም አስተርጓሚ እንዲያቀርብ የሚያስገድደው መነሻ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ የ2004 የቋንቋ ሕግ አላት፤ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ቀጠሮ ስታስይዙ አስተርጓሚ በነጻ እንዲመደብ ጠይቁ። ውለታ አይደለም፤ መብት ነው።

ሌላም የሚያስገርም ገደብ አለ። አሜሪካ ውስጥ ቴራፒስቷ ፈቃድ ሊኖራት የሚገባው ታካሚው በዚያ ሰዓት በሚገኝበት ግዛት ነው። የሜሪላንድ ታካሚ ለአንድ ሳምንት ቨርጂኒያ እህታቸው ቤት ቢሄዱ፣ የሜሪላንድ ፈቃድ ብቻ ያላት ቴራፒስት በቪዲዮም ልታያቸው አትችልም። ግዛቶች ይህን ለመፍታት ስምምነት ፈጥረዋል፤ ሁለቱም ግዛቶች ገብተውበታል፤ ሥራ ላይ መዋሉ ግን ዘግይቷል።

ባለሙያዎቹ ስለ ራሳቸውም ያወራሉ። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ዓይንና ራስን ያማል። ለአንድ ሰዓት ክፍለ ጊዜ የሚደረገው ዝግጅት በዝቷል። ያልታወቀ ነገር ሲገጥም ዞር ብሎ የሚጠይቁት የሥራ ባልደረባ የለም። በሌላ በኩል መንዳት ቀርቷል፤ በበረዶና በትራፊክ የሚሰረዝ ቀጠሮም ቀንሷል። ብዙዎቹ አሁን የሚመርጡት ቅይጡን ነው፤ የመጀመሪያው ምርመራና ስፕሊንቱ በአካል፣ ክትትሉና የቤት ውስጥ ሥልጠናው በቪዲዮ። እኔም ከሰማሁትና ካነበብኩት ሁሉ ልክ የሚመስለኝ ይህ ነው። አገር ቤትም ባለሙያው ጥቂት፣ ቤተሰቡ ሩቅ በሆነበት ሁኔታ አንዴ በአካል ተያይቶ በስልክ መከታተል ከምንም ይሻላል፤ ኔትወርኩ ከፈቀደ።

ቀጠሮ ካላችሁ

ስልኩን በእጅ አትያዙት፤ ከድስት ወይም ከመጽሐፍ ጋር አስደግፉት። መስኮቱ ከታካሚው ፊት ይሁን፤ ከጀርባው ከሆነ ጥላ ብቻ ይታያል። እጁ እስከ ትከሻው የሚታይበት ልብስ ይልበስ። የሚቀመጥበት ወንበር መደገፊያ ያለውና የማይሽከረከር ይሁን። የቸገረውን ዕቃ አቅርቡ፤ ሸሚዙም ሆነ ጀበናው።

አዲስ እብጠት፣ አዲስ ሕመም ወይም መውደቅ ካለ በቪዲዮ አይበቃም፤ በአካል ካልታየ በሉ። ቴራፒስቷ በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ "አሁን ያላችሁበትን ሙሉ አድራሻ ንገሩኝ" ብትል አትሰልቹ። ታካሚው ቢወድቅ እሷ ካለችበት ከተማ 911 ብትደውል የሚያነሳው የራሷ አካባቢ ጣቢያ ነው። አምቡላንሱን ወደ እናንተ ለማስላክ የቤቱን ቁጥር፣ የአፓርታማውን ቁጥርና የውጭው በር ኮድ ካለው እሱንም ማወቅ አለባት።